ቁልቁለት በፎሌ

ባለቤቴን ታክሲ ተራ ላይ የማያውቀው የለም፤ በስሙ የሚጠራው ግን አንድም ሰው አታገኙም። ፎሌ ነው የሚሉት። ፎሌ ማለት መኪናው ከማርሽ ወጥቶ፣ ሞተሩ ሳይጎትተው፣ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ሲንከባለል ነው። የኔ ሰውዬ በወጣትነቱ የሰው መኪና ከሚነዳበት ጊዜ ጀምሮ ቁልቁለት ባየ ቁጥር ማርሹን አውጥቶ ይለቀዋል። ለምን ቢሉ ጠብታ ነዳጅ ለማትረፍ። ተሳፋሪ ቢጮህበት፣ ትራፊክ ቢቆጣው፣ እኔ ሚስቱ ብነዘንዘው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። «ቁልቁለቱን እኮ በነጻ ነው የሰጡን፤ ለምን ሞተር አደክምበታለሁ?» ይላል። እንቅልፍ ወስዶት እንኳ ቀኝ እጁ ማርሽ ሲያወጣ አይቼዋለሁ፤ አንዴማ በክርኑ ዓይኔን ሊያጠፋኝ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው ኤሌክትሪክ መኪና ግዛ ብሎ ማሳመን ምን ያህል ልብ እንደሚያወልቅ የማውቀው እኔ ነኝ። «ሞተሩ የማይሰማ መኪና ሲታመም በምን ይነግረኛል?» አለኝ። «አንተስ ስትታመም መቼ ትናገራለህ» አልኩት። እንዲህ እየተባባልን ወራት አለፉ።

እናቴ ባትኖር ኖሮ እስካሁንም ያንኑ እንባባል ነበር። ሳንባዋ ከደከመ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶ፣ ከአልጋዋ አጠገብ የኦክስጅን ማሽን ቀንና ሌሊት እያጉረመረመ። የዚያ አሮጌ ታክሲ ጭስ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብሎ በእሷ መስኮት ይገባል። እሱ ሞተር ያሞቃል፣ እሷ ታስላለች፣ የኔ ደም ይፈላል። አንድ ጠዋት መኪናው ፊት ሄጄ ተገተርኩና «ወይ እሷን ወይ ይህን ጭስ ከግቢ አውጣ» አልኩት። እናቱን በልጅነቱ የቀበረ ሰው ነው። የኔን እናት እማማ እያለ ነው የሚጠራት፤ ማታ ሲገባ እኔን ደህና አመሸሽ ከማለቱ በፊት የእሷን በር ከፍቶ ያያል። በሳምንቱ አሮጌውን ሸጠው።

የገዛነው ሁለተኛ እጅ የሆነች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ሻጯ ሴት አነዳዱን ስታስረዳ እሱ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ የጭስ ማውጫውን ይፈልጋል። ሲያጣው የተታለለ ሰው ፊት ይዞ ወደ እኔ አየ። ስለዚህ ማብራሪያውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። «ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከፍጥነት መስጫው ላይ አንሱ እንጂ ሌላ ምንም አትንኩ፤ ጎማው ሲዞር ባትሪውን መልሶ ይሞላዋል» አለችኝ። ቤት ገብተን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «ቁልቁለት ነዳጅ ሲቀዳ ካየሽ ጥሪኝ» አለ።

እኔም ነገሩን ተውኩት። መኪናዋ እንደሆነች ደግ ናት። ማደያ በር ላይ ተሰልፎ መዋል ቀረ፤ ማታ ከቤት ግድግዳ ይሰካታል፣ ጠዋት ነቅሎ ይወጣል። የእናቴ ሳል ቀነሰ፤ መስኮቷ ጠዋትም ሳይዘጋ መዋል ጀመረ። እሱም ቢሆን ያማው የነበረው በአፉ ብቻ ነው፤ ማንም ሳያየው በእጅጌው መስታወቷን ሲወለውል ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ። ማርሹ ላይ ያለችው «ኤን» የምትል ፊደል ፎሌ መሆኗን የነገረው ሰው ግን የእጁን ይስጠው። እንደ ድሮው፣ መንገዱ ማዘቅዘቅ ሲጀምር እጁ ወደዚያች ፊደል ይሄዳል።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ መኪናዋ ገና መሙላት ስትጀምር ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነው አሉ። የእናቴ ማሽን የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው፤ እሱ ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ይጮሃል፣ እኛም በዚያ ጩኸት ነቃን። ቀኑ ነግቷል። ማሽኑን ከመኪና ጋር የሚያገናኝ ገመድ ስለነበረን እናቴን ተሸክመን ከኋላ ወንበር አስቀመጥናትና ከመኪናዋ መሰኪያ ላይ ሰካንላት።

የማሽኑ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማ እስከ ማግስቱ ትነፋላት ነበር። ችግሩ የእናቴ ነው። ገላዋ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ማሽኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ትንፋሿ አልሞላ አለ። አምቡላንስ ጋ ደወልን፤ ሌላ ሰው ይዞ ሄዷል፣ ሲመለስ እንልካለን አሉን። የታክሲ ተራ ጓደኞቹ ጋ ደወለ፤ ሁሉም ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ነዳጅ ይጠብቃሉ። ስልኩን ኪሱ ከተተና በሩን ከፈተ።

«እንሂድ» አለ።

ሆስፒታሉ ከሰፈራችን ማዶ ነው። መጀመሪያ ጋራውን ትወጣላችሁ፤ ከዚያ ጠመዝማዛውን ረጅም ቁልቁለት እስከ ድልድዩ ትወርዳላችሁ፤ ከድልድዩ እስከ ሆስፒታሉ ደግሞ ሌላ ዳገት ነው። ሌላ መንገድ የለም። ለእናቴ ቀጠሮ ስንመላለስ እሱ መንገዱን ያያል፣ እኔ ደግሞ መሪው ፊት ያለውን የባትሪ ቁጥር ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ስለዚህ የመጨረሻው ዳገት ከመቶው አስር ያህል እንደሚበላ አውቃለሁ። እሱ ይህን አያውቅም፤ ጠይቆኝም አያውቅ።

ከኋላ ከእናቴ ጋር ተቀመጥኩ፤ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ። ጋራውን ስንወጣ ቁጥሩ እያየሁት ይወርዳል። እሱ ሬዲዮኑን ዘጋ፣ ማራገቢያውን ዘጋ፣ በጠራራ ጠዋት የማያስፈልገውን የዝናብ መጥረጊያ ሳይቀር ነካክቶ አረጋገጠ። ከሞተር የሚመጣ ድምፅ የለም። የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታና የማሽኑ ጉርምርምታ ብቻ ነው። እናቴ በየትንፋሿ መሃል ቆም ትላለች፤ እሷ ስትቆም እኔም እቆማለሁ።

ጋራው ጫፍ ላይ ስንደርስ ቁጥሩ ዘጠኝ ነበር። የእናቴን ጭንቅላት ቀስ ብዬ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አስጠጋሁና በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ወደ ፊት አጎነበስኩ።

«አይበቃንም» አልኩት በሹክሹክታ።

«ይበቃል። አሁን ቁልቁለቱ ነው፤ እኔ ላትርፍልሽ» አለና እጁን ወደ ማርሹ ሰደደ።

«እንዳታወጣ። በማርሽ ከወረድክ ይሞላል ብዬ ነግሬሃለሁ።»

«እማማን ይዤ የሻጭ ወሬ አልሞክርም» አለ። «የማውቀውን ነው የማደርገው።»

አወጣው።

መኪናዋ ተለቀቀች። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ዞርን፣ ሁለተኛውን ዞርን። ከግራ ገደል ነው፣ ከቀኝ የተቆረጠ ድንጋይ። እኔ ከቁጥሩ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ዘጠኝ። እሱ እልኸኛ መሆኑን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳውቅ ኖሬያለሁ፤ ያን ጠዋት ግን እልህ አልነበረም። ጆሮው ሥር ላቡ ይወርዳል። ፈርቶ ነበር፤ ከፍርሃቱ የተነሳ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ አሳፍሮት የማያውቀውን ነገር ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ይህ ሲገባኝ ይበልጥ ተናደድኩ፤ ለእልኸኛ መፍትሔ አላጣም፣ የፈራ ሰው ግን ከየት ይያዛል?

ከፊታችን ድንጋይ የጫነ የጭነት መኪና እየተንፏቀቀ ይወርዳል። እሱ ፍሬን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ረገጠ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ወደ ውስጥ ገባና እናቴን አሳላት።

«ቁጥሩን እየው» አልኩት፤ አሁን ሹክሹክታው ቀርቷል። «ከላይ ዘጠኝ፣ አሁንም ዘጠኝ። በዘጠኝ ድልድዩ ጋ ከደረስን ዳገቱ መሃል ነው የምንቆመው።»

«አለመቀነሱ እኮ ነው ቁጠባ ማለት» አለኝ ዓይኑን ከጭነት መኪናው ላይ ሳያነሳ።

«መጨመር እየቻለ ባለመቀነሱ ታመሰግነዋለህ?»

«መኪና ላስተምርሽ አሁን?»

«አስፋልት መሃል ስንቆም እማዬን ታስተምራታለህ። አይበቃም እያልኩህ ነው። አይበቃም፣ አይበቃም፣ ስንት ጊዜ ልበልህ» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። ድምፄ ከመስታወቱ ተመልሶ ወደ እኔው መጣ።

እኔ ሌላ የምለውን እያዘጋጀሁ እያለ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። የጎማው ድምፅ አለ፤ ነፋሱ አለ። ጉርምርምታው የለም።

ዞር አልኩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ደራርባ ተቀምጣለች። ከነጠላዋ ጫፍ ሥር ጥቁር ገመድ ብቅ ብሏል። ነጠላውን ገለጥ ሳደርገው የማሽኑን መሰኪያ ጨብጣ ይዛዋለች፤ አጥፍታ እንደተደበቀች ልጅ አጥብቃ።

«እማዬ፣ ማን ነቀለው?»

«እኔ» አለች። እያንዳንዷን ቃል ለብቻዋ ነው ያወጣቻት። «ለመንገዱ... ይብቃችሁ ብዬ። እኔ... ትንሽ ትንሽ... እያልኩ... እችላለሁ።»

ያ ማሽን ከዚያ ባትሪ የሚወስደው ዶሮ ከወንዝ የምትጠጣውን ያህል ነው፤ ይህን ግን ለእሷ ማን ነገራት? እኔ አይበቃም ብዬ ጮህኩ። እሷም ከመኪናው ውስጥ ምን ይቀነስ ብላ አሰበች፤ ያገኘችው የራሷን ትንፋሽ ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። መሰኪያውን ይዤ ቀዳዳውን አጣሁት። ሲገባም ማሽኑ ወዲያው አልተነሳም፤ ጭጭ አለ፣ ጭጭ አለ፣ ከዚያ ነው እንደ ወትሮው ማጉረምረም የጀመረው።

«እማማ ምን ሆኑ?» አለ እሱ በመስታወቱ እያየ።

«ማሽኑን ነቅላዋለች» አልኩት። «ለመኪናህ ለማትረፍ።»

ይህን ስናገር ላሳምመው ፈልጌ ነው፤ አልዋሽም። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየሁት። ወደ እሷ ለአንድ አፍታ አየ፣ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ማርሹ ወሰደና መልሶ አስገባው።

መኪናዋ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ በደረቱ እንደያዛት ቀስ አለች። «ያዘኝ» አለ ደንግጦ። «ጎማው ያዘኝ።» እግሩ ወደ መስጫው ሲሄድ አየሁ።

«ተወው ይያዝህ። እግርህን አንሳ።»

አነሳ። ጉልበቱ በአየር ላይ ቀረ። ፍሬን ሳይነካ ከጭነት መኪናው ኋላ በርቀት ወረድን። ቁጥሩ ዘጠኝ ነው። መታጠፊያ አለፍን፤ ዘጠኝ። ሻጯ ሴት ለመሸጥ ብላ ዋሽታኝ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ በአንዲት በማላውቃት ሴት አፍ ላይ ነው እናቴን ያስቀመጥኳት። ሌላ መታጠፊያ። የእናቴ እጅ በእጄ ውስጥ ነው፤ ጥፍሮቿን ማየት አልፈለግኩም።

ቁጥሩ አስር አለ።

«አስር» አልኩ።

እሱ ቀጥ ብሎ ነበር የተቀመጠው፤ አሁን ቀኝ እጁን ከማርሹ ላይ አነሳና በሁለት እጁ መሪውን ያዘ። ዝቅ እያልን ስንሄድ አስራ አንድ ሆነ።

«ከላይ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት።

አስራ ሁለት ሳይደርስ ቁልቁለቱ አለቀ። ድልድዩን ተሻገርን። ዳገቱ ጀመረ። ያተረፍነው ሁሉ ሦስተኛው የስልክ ምሰሶ ጋ ሳንደርስ ተበላ። መጀመሪያ ቢጫ መብራት በራ፣ ቀጥሎ ቀይ፤ ከዚያ መሪው ፊት የኤሊ ሥዕል ብቅ አለና መኪናዋ አቅም አነሳት። እሱ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦታል፤ እሷ ግን እንደ እግረኛ ነው የምትሄደው። ከኋላችን ጥሩንባ በጥሩንባ ሆነ። አንዱ አልፎን ሲሄድ በመስኮት «አባቴ፣ ገፋ ላድርግልዎት?» ብሎ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ ወርዶ ያንቀው ነበር።

«በርቺ» ይላታል መኪናዋን ከጥርሱ መሃል። «በርቺ የኔ እመቤት። አላማሽም ከእንግዲህ። በርቺ።»

ቁጥሩ ጠፍቶ በቦታው ሰረዝ ብቻ ቀረ። የሆስፒታሉ በር ታየ። መሪውን አዞረ፤ በሩን አለፍን፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትወስደዋ አጭር ዳገት መሃል ስንደርስ መኪናዋ ቆመች። ቀስ ብላ ነው የቆመችው፣ ድምፅም ሳታሰማ። ማሽኑ ግን ማጉረምረሙን አላቆመም።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» አለ።

«እኛ አላቆምናትም፤ ራሷ ናት የቆመችው» አልኩት። በመስኮት እናቴን ሲያይ ክልክሉን ረስቶ ባለጎማ አልጋ ሊያስመጣ ሮጠ።

ድንገተኛ ክፍል አስገቧት። ነርሷ ጭንብሉን ፊቷ ላይ አጠለቀችላትና ቱቦውን ግድግዳው ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር አገናኘችው። ጣቷ ላይ ያሰሩላት የኦክስጅን መለኪያ የሚያሳየውን ቁጥር ሐኪሙ ያያል፤ እኔም አያለሁ፤ ያን ቀን ቁጥር ከማየት አላረፍኩም። መጨመር ሲገባው አልጨመረም።

«እናቴ፣ በደንብ ሳብ አድርገው ይተንፍሱ» አለች ነርሷ። እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ትንፋሿ ግን ያው ነው። ጥቂት ትስባለች፣ ታቆማለች። ጥቂት ትስባለች፣ ታቆማለች።

«አቅም አጥተው ይሆን?» አለ ሐኪሙ ለነርሷ።

እኔ ፊቷን አየሁ። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው፤ ቱቦው ከገባበት ቀዳዳ ላይ ተተክሏል። ያኔ ገባኝ። አቅም አጥታ አይደለም። እየቆጠበች ነው።

«እማዬ፣ ተንፍሺ። ስለማለቁ አታስቢ» አልኳት። እኔን አላመነችኝም። አይበቃም ብዬ የጮህኩት እኔ አይደለሁ?

ባለቤቴ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እኔን ሲሰማ እሱም ፊቷን አየ። መጣና አልጋው አጠገብ ተንበረከከ፤ አፉን ጆሮዋ ሥር አደረገ።

«እማማ» አላት። «ይሄ ከግድግዳው ነው የሚመጣው። ባትሪ አይደለም። አያልቅም።»

እናቴ ዓይኗን ወደ እሱ መለሰች። በቤታችን ውስጥ ጠብታ እንዳትባክን የሚጠነቀቅ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ረጅም ጊዜ አየችው። እሱም ማልቀሱን አልደበቃትም።

«እኔ ነኝ የምልዎት» አላት። «ይሳቡት እማማ። እንደ ልብዎ ይሳቡት።»

ደረቷ ከብርድ ልብሱ ሥር ከፍ አለ።